ለጌም ኮምፒውተር ብዙ ኮር ይሻላል ወይስ ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ካርድ?

ለኮር፦ እኔ ብሬን ሲፒዩ ላይ፣ ማለትም ኮሮቹ (ስሌት የሚሠሩት ክፍሎች) ያሉበት ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ነው የማወጣው። ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ዕቃ ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤጂያ የሚባል ድርጅት የጌም ፊዚክስ ብቻ የሚያሰላ ካርድ አወጣ፣ ግድግዳ ሲፈርስ ፍርስራሹ የት የት እንደሚበተን፣ ጨርቅ እንዴት እንደሚውለበለብ ምናምን፣ በ2008 ግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ድርጅቱን ገዛውና ካርዱ እዛው ቀረ፣ ዛሬ ያንን ስሌት በአብዛኛው የሚሠራው ሲፒዩ ነው። ሳውንድ ካርድስ? ድሮ የግድ ነበር አሁን ስንት ሰው ይገዛል? ኮር ግን ዛሬ ፊዚክስ ነገ የጠላቶቹን ኤአይ ያሰላልሃል።

ለካርድ፦ ወንድሜ የኤጂያውን ልክ ነህ፣ የተገላቢጦሹንም ግን ተናገራ። ኢንቴል ላራቢ ብሎ የተለመዱትን የኤክስ86 ኮሮች (የፒሲ ሲፒዩ ውስጥ ያለውን ዓይነት) ደርድሮ ግራፊክስ ካርድ ሊሠራ ተነስቶ በ2009 መጨረሻ ገበያ ሳያወጣው ተወው። እስቲ አስበው፣ 1080ፒ ስክሪን ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ከፈለግክ ያንን ሁሉ ለመጨረስ ያለህ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ በ16 ኮር የት ትደርሳለህ? የኤንቪዲያው ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 4090 እኮ 16,384 ትንንሽ ኮር አለው።

ለኮር፦ ፒክስሉን ካርዱ ይሣል፣ እሱን አልከለከልኩም። ግን ምን እንደሚሣል የሚነግረው ማነው? እኔ ባለ 4 ኮር ሲፒዩ ይዤ ካርዱን ብቻ ቀየርኩ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ይበራል፣ ሰው የሚበዛበት ከተማ ውስጥ ስገባ ቀጥ ይላል ይለቃል ቀጥ ይላል፣ ከፍቼ ሳየው አራቱም ኮር 100 ላይ ተሰቅለዋል ካርዱ ግን ግማሹን እንኳን አልሠራም። እንደዛ ነው ገንዘብ የሚቃጠለው።

ለካርድ፦ 4 አነሰህ፣ እቀበላለሁ። ግን የጌም ሥራ ሁሉ ለኮር አይከፋፈልም፣ ግማሹ ተራ በተራ የሚሠራ ከሆነ በአምዳል ሕግ 1000 ኮር ብትሰካ እንኳን ከ2 እጥፍ በላይ አይፈጥንም። የኤኤምዲን 5800ኤክስ3ዲ ሲፒዩ እይ፣ በ2022 የወጣ ባለ 8 ኮር ነው፣ ኤል3 ካሹ (ሲፒዩው ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) ተደርቦለት 96 ሜጋባይት ስለደረሰ ብቻ በብዙ ጌም ባለ 16 ኮሩን 5950ኤክስ ይበልጠዋል። ፕሌይስቴሽን 5ም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም ባለ 8 ኮር ናቸው፣ ጌም ሠሪዎቹም እነሱን እያሰቡ ነው የሚሠሩት። 8 ያዝና የተረፈህን ካርዱ ላይ ጨምረው።

ለኮር፦ 8 ላይ አልጣላህም። ካርዱን በየጊዜው ትቀይረዋለህ ሲፒዩው ግን ብዙ ጊዜ ከነማዘርቦርዱ ነው የሚቀየረው፣ ለዛ ነው እኔ መጀመሪያ እሱን በደንብ የምገዛው።