የዳማ ግራ ዓይን

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ከክፍሏ እየሮጠች መጣችና «እማዬ፣ ዳማ በአንድ ዓይኗ ብቻ ነው የምታየኝ» አለችኝ። ዳማ ጊኒ ፒጋችን ናት፤ ቤት ውስጥ የምናኖራት፣ ድርቆሽ የምትበላ ትንሽ እንስሳ። መልኳ ዳማ ስለሆነ ስሟም ዳማ ሆነ። ሄጄ ሳያት ግራ ዓይኗ ግማሹ ተከድኗል። ከሥሩ ያለው ፀጉር ረጥቦ ተጣብቋል፣ አይናሩም ደርቋል። መስኮት አጠገብ ይዣት ሄድኩና በስልኬ መብራት አየሁት። ጥቁሩ ላይ የስፒል ራስ የምታህል ነጭ ነገር ተቀምጣለች። እንደ ጉም።

እኔም ወዲያው «ትችለዋለች፣ እስከ ነገ እንያት» አልኩ።

ይህን ትዝብት የምጽፈው በዚህች አንድ ቃል ምክንያት ነው። ስንት ዓመት ውጭ አገር ኖሬ እንኳ ከአፌ ያልጠፋች ቃል ናት። እንስሳ ሲታመም «ይችለዋል» እንላለን። ልጅ ሆኜ ዓይኑ የሚያፈስ ጥጃ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ዝንቡ ዓይኑ ላይ ሰፍሮ፣ እሱ ራሱን እየነቀነቀ። ማናችንም ክፉ ሆነን አይደለም፣ እንወደው ነበር። ግን አልጮኸም፣ ስለዚህ አላመመውም ብለን እናልፋለን።

ልጄ ግን አላለፈችም። ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች።

መጀመሪያ የደወልኩለት ክሊኒክ «እኛ ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናየው» ብሎ ዘጋብኝ። የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ዓይኗን ሳያይ «ለሁሉም እንስሳ ይሆናል» ብሎ አንድ ብልቃጥ ጠብታ አቀበለኝ። በዚህ በጣም ነው የተናደድኩት። ውጭ አገር ሁሉ ነገር ሥርዓት አለው ለምትሉኝ፣ ትንሽ እንስሳ እዚህም ይናቃል። ጠብታውን ትቼ ወጣሁ። ትናንሽና ያልተለመዱ እንስሳትን የምታክም ሐኪም በሦስተኛው ስልክ አገኘሁ፤ «አሁኑኑ አምጫት፣ የዓይን ነገር አያድርም» አለችኝ።

መንገድ ላይ አክስቴ ደወለች። የት እየሄድኩ እንደሆነ ስነግራት «ለአይጥ ደግሞ ሐኪም?» አለች። «አይጥ አይደለችም እትዬ» አልኳት። ወገኗ ከአይጥ ወገን መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ጊኒ ፒግ የራሷ ታሪክ ያላት እንስሳ ናት። ስሟ ጊኒ ይበል እንጂ ከጊኒ አልመጣችም፤ አሳማም አይደለችም። ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ግልገሏ ስትወለድ ፀጉሯ በቅሎ፣ ዓይኗን ገልጣ ነው የምትወለደው። ዓይኗን ከፍታ ወደዚህ ዓለም የመጣች እንስሳ በእኔ ስንፍና ዓይኗ ሊጠፋ ነው እንዴ እያልኩ ነበር የምነዳው።

ሐኪሟ ወዲያው ወደ ዓይኗ አልሄደችም። መዘነቻት። 912 ግራም። ከዚያ አፏን ከፍታ በትንሽ መብራት መንጋጋዋን ማየት ጀመረች። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና «የታመመው ዓይኗ ነው» አልኩ። አልተቆጣችም። የጊኒ ፒግ ጥርስ፣ የፊቱም መንጋጋውም፣ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። በቂ ድርቆሽ እያኘከች ካልሞረደችው ወደ ላይም ወደ ታችም ይረዝማል። የላይኛው መንጋጋ ሥሩ ወደ ዓይን ጎድጓዳ ከገፋ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ ይገፋል። ሰው ግን ዓይን ዓይኑን ብቻ እያየ በጠብታ ይደክማል። ይህን ሁሉ አስረዳችኝ። የዳማ ጥርስ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ያደረገችውን አልረሳውም። ጫፉ ብርቱካንማ የሆነ ቀጭን ወረቀት አረጥባ የዓይኗን ጠርዝ ነካች። ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ነው። መብራቱን አጠፋችና ሰማያዊ መብራት አበራች። ልጄ እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ ላይ ቅድም ነጭ የነበረችው ነጥብ አረንጓዴ ሆና በራች። ቀለሙ ደህናው ቦታ ላይ አይያዝም፤ የተላጠው ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። የኮርኒያ፣ ማለትም ዓይንን ከፊት የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ቁስለት ነበር። ከዚያ የዓይን ቆቧን በጥጥ እንጨት ቀስ ብላ ገለበጠችው። ከሥሩ በመቆንጠጫ የግማሽ ጥፍር ርዝመት ያላት የድርቆሽ ስንጥር አወጣች። ዓይኗን በጨፈነችና በገለጠች ቁጥር ይህቺ ስንጥር ስትቧጥጣት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ! አንድም ጊዜ አልጮኸችም።

«ለምን አልጮኸችም?» አለቻት ልጄ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ መለሰችላት። አዳኝ የሚበዛበት እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። ደካማ መስሎ ከታየ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ስለዚህ ሲያመው ዝም ይላል፣ ጥግ ይይዛል፣ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ዝምታው ነው ምልክቱ። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታ ነው «ትችለዋለች» ብዬ የተረጎምኩት። ያ ጥጃም በዓይኔ መጣ።

የሐኪሟ ጥያቄ ማለቂያ አልነበረውም፣ 40 ደቂቃ ገደማ አብረን ቆየን። ምን ላይ ነው የምትተኛው? ሰጋቱራው የጥድ ከሆነና አቧራ ካለው ዓይንና ሳንባ ይቆጣል አለች። ቫይታሚን ሲ ታገኛለች ወይ? ጊኒ ፒግ ልክ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ ራሷ መሥራት አትችልም። በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ካጣች ቁስሏ ቶሎ አይድንም። የሚጠጣ ውሃ ውስጥ መበጥበጡ ብዙም አይረዳም፣ ቶሎ ይበላሻልና።

ቤት ያለኝን የዓይን ጠብታ ነገርኳት። ከዓመት በፊት ለራሴ የታዘዘልኝ፣ የተረፈ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አስነበበችኝና ፊቷ ተለወጠ። ስቴሮይድ የሚባል መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት አለው። ቁስለት ያለበት ዓይን ላይ ስቴሮይድ ካደረግሽ አይድንም፣ ይጠልቃል፣ ሊበሳም ይችላል አለች። አንድ ነገር ጨመረች። ለሰው የምንሰጠው ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን በአፍ ከተሰጣት የአንጀቷን ደህና ባክቴሪያ ጨርሶ ሊገድላት ይችላል። እባካችሁ፣ ከመሳቢያ የተረፈ መድኃኒት ለእነዚህ እንስሳት አትስጡ። ያ ሻጭ የሰጠኝ ጠብታ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሁለት ዓይነት ጠብታ ታዘዘላት፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በመካከላቸው 10 ደቂቃ እየጠበቅን። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ከፊት ለፊቷ ብልቃጥ ይዤ ስመጣ ትደነግጣለች። በኋላ ነው የገባኝ። በፎጣ እጠቀልላትና ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደግፋለሁ። እጄን ከኋላ አመጣለሁ፣ የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣቴ ትንሽ ሳብ፣ ጠብ። ልቧ መዳፌ ላይ ይመታል። አይናሯን ለብ ባለ የጨው ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ወደ ውጭ እየጠረግኩ አነሳለሁ። ለእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ጨርቅ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ጨለማ ውስጥ ስጠብቃት፣ ለልጄ እንኳ እንዲህ ተነስቼ አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ተነስቻለሁ። ለእሷም ይገባታል።

ረቡዕ 895፣ ሐሙስ 878 ግራም። ከዓይኗ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ጊኒ ፒግ መብላት ካቆመች አንጀቷ ይቆማል፤ አንድ ቀን እንኳ ረጅም ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የተበጠበጠ ምግብ በአፏ ጎን አበላናት። አብራት የምትኖረውን ጓደኛዋን፣ ሌላዋን ጊኒ ፒግ፣ ከእሷ አልለየናትም። ሐኪሟ እንዳትለያዩዋቸው ብላለች፣ ብቻዋን ስትሆን ይብስባታልና። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ2008 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማኖር ሕግ መጣስ ነው። መጀመሪያ ስሰማ የጥጋብ ሕግ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዋ የዳማን ፀጉር ስትልስና አጠገቧ ስትበላ፣ ዳማም እሷን አይታ ድርቆሹን ስትጀምር ካየሁ በኋላ ግን ሕጉን ያወጣውን ሰው ማመስገን አማረኝ።

ዓርብ ማታ አክስቴ ደውላ እንደገና «ያቺ አይጥ ዳነች?» አለች። ተቀየምኩ፣ ደብቄም አላወራሁም። «እትዬ፣ እንዲህ አትበይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስንጥር ዓይኗ ውስጥ ይዛ ዝም ያለች ናት» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «በሞትኩት» አለች።

በስምንተኛው ቀን ሐኪሟ ቀለሙን ደግማ አደረገች። መብራት ጠፋ፣ ሰማያዊው በራ። አረንጓዴ የለም። ጸጉር የምታህል ጠባሳ ግን ቀርታለች።

አሁን ልጄ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የዳማን ሁለቱንም ዓይኖች በመብራት ታያለች። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ትናንት «እማዬ፣ ነጭ ነገር!» ብላ ጮኸች። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ከዓይኗ ጥግ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጥቷል። ጤነኛ ጊኒ ፒግ የምታወጣው ነው፣ ብዙዎች አይተው ይደነግጣሉ። ዳማ በሁለት እጇ ያዘችውና ፊቷን ታጠበችበት። ከዚያ ወደ ድርቆሿ ተመለሰች።