እባካችሁ ግሩፑን ለሰው መልሱት

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የክፍላችን ልጅ እናት አረፉ። መርዶው እዚያው ግሩፓችን ላይ ተጽፏል፤ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ሁሉም አለ። ግን ወዲያው የውርርድ ማስታወቂያ፣ ስክሪን በመንካት ብር ይገኝበታል የተባለ የጨዋታ ሊንክ፣ "ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ" የሚል ማስፈራሪያ፣ ማን እንደቀረጸው የማይታወቅ ቪዲዮ ተከመረበት። አብዛኞቻችን የሰማነው ለቅሶው ከተነሳ በኋላ ነው። እዚሁ ደሴ ተቀምጠን፣ አብሮ አደጋችን እናቱን ያለ እኛ ቀበረ። ቢቀየመን ይፈረድበታል?

ግሩፑ ሲከፈት እኮ "የዱሮውን እንመልሰው" ተባብለን ነበር። የዱሮውን ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ።

ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ስንገባ የሚከፈለው በደቂቃ ነበር። መስመሩ የስልክ መስመር ነው፤ እየጮኸ እየተንጫጫ ይደውላል፣ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ይቋረጣል። ደቂቃው ስለሚቆጥር የምንጽፈውን ቤት አስበን፣ አንዳንዶቻችንም ደብተር ላይ ጽፈን ነበር የምንሄደው። ያሁ ሜሴንጀር ላይ የደሴ ልጅ የደሴን ልጅ ፈልጎ ያገኛል። ግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደል የሚለዩበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም እነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ አማርኛ መጻፍ ጣጣ ስለነበር በላቲን ፊደል እያጣመምን እንጽፋለን፤ እንደዚያም ሆኖ እንግባባለን። ከዚያ ሁሉ የሚናፍቀኝ አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው ሳምንት ከጠፋ ይፈለጋል። "እገሌን ያየ አለ? አሟት ይሆን?" ይባላል። አሁን ግሩፑ ውስጥ ስንት መቶ ሰው አለን፤ የጠፋ ሰው ስሙም አይነሳ።

እናቶቹንማ እንዴት እረሳለሁ። ልጆቻቸው ጅዳና ቤይሩት ለሥራ የሄዱባቸው እናቶች፣ ኢሜይል የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ከመቀነታቸው ፈትተው ለኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ይሰጡታል። "በል ልጄ፣ አብሽሪ በላት። ብሩ ደርሶኛል፣ ላሚቱም ወልዳለች በላት። የወንድሟን ነገር እንዳታስብ በላት።" ልጁ ይጽፋል፤ እኛም ከየወንበራችን እንሰማለን። ምርቃቱ ጋ ሲደርሱ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን እንላለን። መልሱ ሲመጣ ልጁ አትሞ ያስቀምጥላቸውና ሰኞ ለገበያ ሲወጡ ያነብላቸዋል። ለዚያ ሥራ ማንም አልቀጠረውም።

ስልኩም ሥራውን ያውቅ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖኪያ 1100 በዓለም ላይ 250 ሚሊዮን ያህል የተሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይደውላል፣ መልእክት ይልካል፣ የእጅ ባትሪ መብራት አለው፣ ቻርጁ ቀናት ይቆያል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ሲዘጋብን እንኳ በሚስኮል እንነጋገር ነበር። አንዴ ከጠራ ደርሻለሁ፣ ሁለቴ ከጠራ ውጣ። የዛሬው ስልኬ ግን ጠዋት ስነሳ "ቦታ ሞልቷል" ይለኛል። የሞላው እኔ ባልጠየቅሁት ቪዲዮ ነው። ያጠፋሁት ነገር ማታ ተመልሶ ይወርዳል፣ ፓኬጄን በልቶ ይጨርሳል፣ ከዚያ አፕዴት ካላደረግህ አልከፍትልህም ይላል። ደህና ይሠራ የነበረ ስልክ "አሮጌ ነው" ተብሎ ይጣላል። ለምን? ስልኩ ምን ሆነ?

የያሁ ቻት ሩሞች በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2005 ተዘጉ፤ ሜሴንጀሩ ራሱ ሐምሌ 10 ቀን 2010 ተዘጋ። የዘጋው ድርጅት የራሱ ሂሳብ ይኖረዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ በቦታው የመጣው ነው። ገጼን ስከፍት የአብሮ አደጌ ልጅ መወለዷን አላይም፤ ፈጽሞ የማላውቀው ሰው ሲጣላ አያለሁ። እነዚህ ገጾች የሚኖሩት ማስታወቂያ በመሸጥ ነው፤ ዓይናችን ብዙ በቆየባቸው ቁጥር ይሸጣሉ። ጠብ ደግሞ ከወሊድ ዜና ይልቅ ሰው ያቆማል። ለዚህ ነው ጠቡ ከላይ፣ ወሊዱ ከታች የሚሆነው።

ዛሬ እናት ጅዳ ያለች ልጇን በኢሞ ፊቷን እያየች ታወራታለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም እንዲነካባት አልፈልግም። ወደ ስልክ መስመር ጩኸትና በደቂቃ ወደ መክፈል እንመለስም አልልም። የምለው ሰው ለሰው ያለው ነገር በቆሻሻ አይሸፈን ነው።

ስለዚህ የግሩፑ አድሚኖች፣ ወንድሞቼ እህቶቼ፣ በእናታችሁ፦ የውርርድና የጨዋታ ሊንክ የሚለጥፈውን አስወጡት፤ ጓደኛችን ቢሆንም አስወጡት። መርዶ፣ የታመመ ሰው፣ ሰርግ፣ ወሊድና መዋጮ ሲኖር ከላይ ተሰክቶ ይቆይ። መርዶ ደግሞ በጽሑፍ ብቻ አይተው። ከየሰፈሩ አንድ ደዋይ ይኑረን፤ ሸዋ በር ያለው ለሸዋ በር፣ ቧንቧ ውሃ ያለው ለቧንቧ ውሃ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁም ከመካከላችሁ ምረጡ። የፒያሳውን እኔ እደውላለሁ። ቁጥራችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ቅዳሜ ደግሞ ተሰባስበን ልጁን ቤቱ ሄደን እናስተዛዝነው።