ጠርሙሱ ላይ «30» ብቻ ጽፋችሁ አትሽጡልን

ኧረ ይሄን የአሞርዛተር ዘይት ነገር የሚመለከተው ሰው ካለ አንድ ይበለን! ሪሞት መኪና፣ ያውም ድንጋይ ላይ የምትወጣዋን ክራውለር የያዛችሁ ሕመሙን ታውቁታላችሁ። የማታውቁትም አንብቡት፣ ብራችሁን ከፍላችሁ የምትገዙት ዕቃ ላይ ያለው ቁጥር ምንም የማይነግራችሁ ከሆነ ነገሩ የመጫወቻ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዘይቱ ሲሊኮን ነው፣ 60 ሚሊ በምትሆን ጠርሙስ ይሸጣል፣ ላዩ ላይ 20 ወይ 30 ወይ 40 «ዌይት» ይላል በቃ። ይሄ ዌይት የሚባለው ግን ለዚህ ዘይት ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለውም፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ነው የሚሰይመው። የዘይቱን ውፍረት በትክክል የሚናገረው ሴንቲስቶክ ነው፣ ውሃ 1 አካባቢ ነው፣ ከዛ ወደ ላይ ትቆጥራለህ። የሪሞት መኪና ዕቃ ከሚሠሩት ድርጅቶች ቲም አሶሼትድ 30 የሚለው 350 ሴንቲስቶክ ነው፣ 40ው 500፣ 50ው 650፣ እነሱ እግዚአብሔር ይስጣቸውና ሁለቱንም ቁጥር ይጽፉታል። የሌላው ድርጅት የሎሲ 30 ደግሞ 338 ነው፣ ይሄስ ይቀራረባል። ኪዮሾ የሚባለው ድርጅት ጭራሽ ዌይት ውስጥ አይገባም፣ 300 ካለህ 300 ሴንቲስቶክ ነው፣ አለቀ። እንዲህ መጻፍ እየተቻለ ሌላው 30 ብሎ ብቻ ይመጣል፣ ሁለት ጠርሙስ ከሁለት ቦታ ገዝተህ ጎን ለጎን ስታንጠባጥባቸው አንዱ ቀጥኖ አንዱ ወፍሮ ታገኘዋለህ፣ ሁለቱም ግን «30» ናቸው። ስንት ሴንቲስቶክ ነው ብዬ ለሻጩ ጻፍኩለት፣ «30 ዌይት ነው» ብሎ መለሰልኝ። ጨጓራዬን ነው የላጠው። ሞተር ሳይክል የምትነዱም የፎርክ (የፊት አሞርዛተር) ዘይት ላይ ይሄው ነው የሚገጥማችሁ፣ ብራንድ ስትቀይሩ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ዘይቱ ሌላ ነው።

ዘይቱስ ይሁን፣ ፒስተኑ ነው የባሰው። አሞርዛተሩን ፈትተህ ዘይቱን ስትደፋው ሻፍቱ፣ ማለትም ገባ ወጣ የሚለው ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ሽምብራ የምታክል ፕላስቲክ ታገኛለህ፣ ሁለት ወይ ሦስት ቀዳዳ ያላት። ሥራው ሁሉ ያለው እዛች ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ ዘይቱ በዛ እየተጨነቀ ሲያልፍ ነው ሞላው ልጓም የሚገባለት። እና ፒስተኑ የሚሸጥበት ፌስታል ላይ ምን ተጽፏል? «ፒስተን፣ 4 ፍሬ»። የቀዳዳው ስፋት የለም! ሻል ያለው «2 ቀዳዳ» ይላል፣ ስንት ሚሊ ሜትር የሆነ 2 ቀዳዳ? ካሊፐር እንደሆነ እዛ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ቀጫጭን የትራፓኖ ፑንታ ተራ በተራ እያስገባህ ትሞክራለህ፣ 1.2 ገባ፣ 1.3 ገባ፣ 1.4 እምቢ አለ፣ እንግዲህ 1.3 ነው ማለት ነው። ፋብሪካው ሻጋታውን ሲሠራ የሚያውቀውን ቁጥር እኛ በምሽት በባትሪ እየፈለግን!

0.2 ሚሊ ምን ያመጣል የሚለኝ ሰው አለ። ስሙኝማ። ወፍራም ነገር በጠባብ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ፍሰቱ የሚለወጠው በዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ነው፣ 1.2ን ወደ 1.4 ስታሰፋው በቀዳዳው የሚያልፈው ዘይት 1.85 እጥፍ ይሆናል። ያንን ለማካካስ 350 የነበረውን ዘይት 650 ማድረስ አለብህ፣ በአሶሼትድ ቁጥር ከ30 ወደ 50 ማለት ነው፣ በዓይን እንኳን በማይለይ ልዩነት! በፒስተኑ ጠርዝ በኩል የሚያመልጠው ዘይት ሲታሰብ ትንሽ ይቀንሳል፣ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ አንዱ «እኔ 30 አድርጌ አሪፍ ሆነልኝ» ብሎ ቀዳዳውን ካልነገረኝ ምንም አልነገረኝም።

ምክሩ ደግሞ! ጥያቄ ስትጠይቅ ሁሉም «30 አድርግ» ነው። ሌላው መጥቶ «ክራውለር ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ዘይቱ ለውጥ የለውም» ይልሃል። ኧረ ተው! ዘይት የሚይዘው በሻፍቱ ፍጥነት ልክ ነው፣ ፍጥነቱ ትንሽ ሲሆን የሚይዘውም ትንሽ ነው፣ ለዛ ነው ክራውለር ላይ ምርጫው የሚከብደው። ቀጥ ያለ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊቱ ሞላ ይለቀቅና አፍንጫዋን ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘይቱ በጣም ከቀጠነ ሞላው በአንዴ ይፈናጠርና በጀርባዋ ትገለበጣለች። ካወፈርከው ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ቶሎ አይወርድም፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ በቀሩት ጎማዎች ስትፍጨረጨር ታያታለህ። ከዛ ደግሞ ከፍ ካለ ድንጋይ ስትወድቅ አለልህ፣ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ዘይቱ ቀጭንም ቢሆን ቶሎ ማለፍ ያቅተዋል፣ አሞርዛተሩ ይገትርና ምቱን ሻሲው ይቀበላል፣ ለዛ ነው እኔ ሰፋ ያለ ቀዳዳና ወፈር ያለ ዘይት የምመርጠው። ይሄን ሁሉ አስበህ የመረጥከው ዘይት ስሙ ሌላ ውስጡ ሌላ ሲሆን አያቃጥልም?

«መኪናዋ ዝቅ አለችብኝ» ብሎ ዘይት የሚያወፍርም አለ። ወንድሜ፣ ከፍታው የሞላው ሥራ ነው፣ ዘይቱ ቶሎ ይሁን ቀስ የሚለውን ብቻ ነው የሚወስነው። አፉ ድረስ ጢም አድርጎ ሞልቶ «ይሄ አሞርዛተር ያፈሳል» የሚልም አለ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሻፍት 30 ሚሊ ሜትር ሲገባ 0.2 ሚሊ ሊትር ዘይት ቦታ ይለቃል፣ መሄጃ ካጣ ወይ ሻፍቱን መልሶ ይገፋዋል ወይ ዘይቱን በሚያግደው ጎሚኒ በኩል ይወጣል። የሞተር ዘይት ጨምሩበት የሚሉትን አትስሟቸው፣ ጎሚኒው ሊያብጥ ይችላል።

እኔ ያለሁት ኮሎራዶ ነው፣ ጠርሙሱ ካልሆነልኝ ብሽቅ ብዬ ሌላ አዝዛለሁ፣ ብሩ ቢያምም። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ ግን ሰው እስኪመጣ ወራት ጠብቆ ነው አንድ ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ የሚያስመጣው። ለሱ የተሳሳተ «30» ማለት ወራቱ እንዳለ ተቃጠለ ማለት ነው፣ ማን ጋ ሄዶ ይመልሰው? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ሁለት ቁጥር መጻፍ ለሻጩ ሳንቲም አይጨምርበትም። ጠርሙሱ ላይ ሴንቲስቶኩን፣ ፌስታሉ ላይ የቀዳዳውን ሚሊ ሜትር። ሌላ ምንም አልጠየቅንም!

እኛም «30 አድርግ» እየተባባልን አንዘናጋ። ስትጽፉ ሴንቲስቶኩን፣ የቀዳዳውን ቁጥርና ስፋት፣ የመኪናውን ክብደት ጻፉ፣ የአየሩንም ሙቀት ጨምሩበት፣ ሲሊኮን ከሌላው ዘይት ይሻላል እንጂ ብርድ ላይ እሱም ይወፍራል፣ እዚህ ጥር ላይ በደንብ ነው የሚታወቀው። እኔ ልጀምር፦ መጠኗ 1/10 (የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ)፣ ከነባትሪዋ 3 ኪሎ ገደማ፣ ፊት 2 ቀዳዳ 1.4፣ 500 ሴንቲስቶክ፣ ኋላ 2 ቀዳዳ 1.4፣ 400 ሴንቲስቶክ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ። የናንተን ከሥር አስቀምጡልኝ።