አምስት ጨዋታ አሸነፈና «ቋሚ አድርጉት!»

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያበቃው? የእግር ኳስ ክለብ ዋና አሠልጣኝ ይባረራል፣ ምክትሉ «ለጊዜው ያዝልን» ይባላል፣ አራት አምስት ጨዋታ ያሸንፋል፣ ከዚያ ከደጋፊው «ቋሚ አድርጉት! ምን ትጠብቃላችሁ?» የሚል ጩኸት ይጀመራል። በስድስት ወሩ ያው ጯሂ ተመልሶ «ይሄን ሰውዬ ማነው የሾመው?» ይለናል። አንተ ነሃ!

አሠልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ታች ሲደርስ ነው። ያ ሁሉ ሽንፈት ግን የሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ አግዳሚ የመለሰው ኳስ አለ፣ ጉዳት አለ፣ ከባድ ከባድ ተጋጣሚዎች የተደረደሩበት ወር አለ። ይሄ ማንም ቢመጣ ቀስ በቀስ የሚስተካከል ነው። በዚያ ላይ ተቀያሪ ወንበር ላይ የከረመው ተጫዋች እንደ አዲስ ይሮጣል፣ ጊዜያዊው አሠልጣኝ ትእዛዙን ያቀልልና ሁሉንም በለመዱት ቦታ ያሰልፋቸዋል፣ ተጋጣሚም የአዲሱን ቡድን አጨዋወት የሚያጠናበት በቂ ቪዲዮ የለውም። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ግን የተጋጣሚ ተንታኞች ቪዲዮውን ይሰበስቡና ኳስ ከኋላ የሚጀምርበትን መንገድ ይዘጉበታል። የዚያን ጊዜ ነው አሠልጣኝ መሆኑ የሚታየው። እናንተ ደግሞ ያን ጊዜ ሳይደርስ ውል አስፈርሙ ትላላችሁ።

ሶልሻየርን እናንሳ። ታኅሣሥ 2018 ማንቸስተር ዩናይትድን በጊዜያዊነት ያዘ፣ የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ከነማን ጋር? ካርዲፍ፣ ሃደርስፊልድ፣ በርንማውዝ፣ ኒውካስል፣ በኤፍኤ ካፕ ሬዲንግ... ከባዶቹ የመጡት በኋላ ነው። ቶተንሃምን 1 ለ 0 ያሸነፈበትን ጨዋታ ደግማችሁ እዩት፤ ዴ ሂያ 11 ኳስ አድኗል። በረኛህ 11 ጊዜ ካዳነህ የረታህ በታክቲክ ነው ወይስ በበረኛ? ፓሪስ ላይ ፒኤስጂን 3 ለ 1 ሲያሸንፉስ? አንዱ ጎል የፒኤስጂው ተከላካይ ኬህረር በተሳሳተ የኋላ ቅብብል የሰጠው፣ ሁለተኛው በረኛቸው ቡፎን ጨብጦ ያመለጠው ኳስ፣ ሦስተኛው በጭማሪ ሰዓት በቫር (በቪዲዮ ዳኝነት) የተገኘ ፔናልቲ። ደስታው ደስታ ነው፣ እሱን ማንም አይነጥቃችሁም። ለሦስት ዓመት ውል ማስረጃ ይሆናል ወይ ነው ጥያቄው።

የሚያናድደው ደግሞ ጥድፊያው ነው። ከፓሪስ በኋላ በአርሰናልና በዎልቭስ ተከታትሎ ተሸንፏል፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ግን ቋሚ አደረጉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? ከሹመቱ በኋላ በቀሩት 10 ጨዋታዎች 2 አሸነፈ፣ 2 አቻ ወጣ፣ 6 ተሸነፈ። የመጨረሻው ሽንፈት በሜዳው 2 ለ 0 ነበር፣ ለዚያውም አስቀድሞ በወረደው በካርዲፍ። ሲዝኑ እስኪያልቅ አንድ ወር ተኩል ቢታገሡ ማን ይወስድባቸው ነበር?

የሌስተሩ ጊዜያዊ አሠልጣኝ ሼክስፒርም ያው ነው፤ ሰኔ 2017 የሦስት ዓመት ውል ፈረመ፣ ጥቅምት ላይ ተሰናበተ። በጊዜያዊነት የገባው የቼልሲው ዲ ማቴዮ ሻምፒዮንስ ሊግ አንሥቶ እንኳ እስከ ኅዳር ብቻ ነው የቆየው። ቫን ኒስተልሮይ በ2024 ዩናይትድን ለ4 ጨዋታ ይዞ 3 አሸንፎ 1 አቻ ሲወጣ «ቋሚ ሆኖ የተቀጠረው አሞሪም ለምን መጣ?» ያላችሁ ነበራችሁ። ከ4ቱ ሁለቱ ተጋጣሚ ሌስተር ነበር! በኋላ ራሱ ሌስተርን ይዞ ወረደ።

«ስለዚህ ጊዜያዊ አይሾም» አላልኩም፣ እንዳትጣመሙብኝ። ስካሎኒ በጊዜያዊነት ገብቶ ለአርጀንቲና የዓለም ዋንጫ አምጥቷል። ፍሊክን እዩ፤ ኅዳር 2019 ባየርንን በጊዜያዊነት ተረከበ፣ አራት አሸነፈና በሌቨርኩሰንና በግላድባህ ተከታትሎ 2 ለ 1 ተሸነፈ። የኛ ጯሂዎች ቢሆኑ በነጋታው «ውጣ» ይሉት ነበር። ባየርን ግን የሚያየው ሌላ ነበር፦ ተከላካዮቹ ወደ መሀል ሜዳ ተጠግተው ቆመዋል፣ ኳስ በተነጠቀ ቅጽበት ይጫናሉ፣ ሙለር ወደ ቦታው ተመልሷል፣ አላባ መሀል ተከላካይ ሆኖ ዴቪስ በግራ ይሮጣል። እየተሸነፈም የሚሠራው ይታወቅ ነበር። እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አቆዩት፣ ሚያዝያ 2020 ላይ ረጅም ውል ሰጡት፣ በዚያው ሲዝን ሦስት ዋንጫ አመጣ።

እንግዲህ የምንጮኸው ለዚህ መሆን ነበረበት። ሰውዬው እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ቃለ መጠይቅ ይግባ፣ ውሳኔው ከሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ በኋላ ይሁን። ጥያቄውም «ስንት አሸነፍክ?» አይሁን። አንዴ ያሸነፍከው ቡድን ተዘጋጅቶ ሲመጣብህ ምን ቀየርክ? በ60ኛው ደቂቃ ስትመራ ቅያሪህ ምን ነበር? ትልቅ ስም ያለውን ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ታውቃለህ? በቅድመ ውድድር ዝግጅት የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድህ ምን ይመስላል? ማንን ትሸጣለህ? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ይለያል፤ ጊዜያዊ ሆኖ የሰነበተ ሰው ከሁሉም ጋር ወዳጅ ነው፣ ቋሚ ሲሆን ግን ግማሾቹን «አልፈልግህም» ማለት አለበት። መልበሻ ክፍሉ፣ ማለትም ተጫዋቹ፣ ፊቱን የሚያዞርበት ያኔ ነው።

ሌላው የማይነሣው ውሉ ነው። ምክትል የነበረ ሰው ሲመረጥ ካልተሳካ ወደ ድሮ ሥራው የሚመለስበት አንቀጽ ብዙ ጊዜ አይገባም። እናም ክለቡ ዋናውንም ምክትሉንም በአንድ ቀን ያጣል፣ የቀረውን ዓመት ካሳ ይከፍላል፣ ከዚያ የወጣት ቡድኑን አሠልጣኝ ጠርቶ «ለጊዜው ያዝልን» ይለዋል።