ማኅተሙ ፀሐይ ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ፊርማና አንዲት ማኅተም ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። ብናገርም ባልናገርም እናንተም የሄዳችሁበት ነው። በሩ ክፍት ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። መደገፊያው ላይ ሹራብ ተንጠልጥሏል፣ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ማውሱ አጠገብ ግማሽ የተጠጣ ሻይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። "የሉም እንዴ?" አልኳት የጎን ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ልጅ። ከስልኳ ቀና ሳትል በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተችኝ።

"ፀሐይ ላይ ናቸው።"

ስብሰባ ላይ ናቸው ብትለኝ ይገባኝ ነበር። ለቅሶ፣ መስክ፣ ሥልጠና፣ ይሄ ሁሉ የለመድነው ነው። ፀሐይ ላይ! እሷ ግን ልክ እንደ ሥራ ምድብ ነው የተናገረችው።

በኋላ ሳስበው እነዚህን በሥራ ሰዓት ፀሐይ የሚሞቁ የቢሮ ሰዎች አንድም ቀን አመስግነናቸው አናውቅም። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው ብለን እናልፋቸዋለን። ነውር ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ሊያመሰግናቸው ይገባል፣ እኔ ልጀምር።

መጀመሪያ ነገር፣ በዚህ አገር አንድ መፈክር እንኳ ቃል በቃል ሥራ ላይ የዋለ ካለ በእነሱ ነው። የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ኃብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን የ13 ወር ፀሐይ አገር ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቋት ሐሳባቸው ፈረንጅ መጥቶ ይሙቅ፣ ሞቆም ዶላሩን ትቶ ይሂድ ነበር። ፈረንጁ በታሰበው ልክ ባይመጣም ፀሐይዋ ብላሽ እንዳትቀር የተረከቧት የቢሮ ሰዎቻችን ናቸው። መፈክሩ ተቀይሮ "ምድረ ቀደምት" ከተባለ ዓመታት አለፉ። እነሱ ግን በቀድሞው ጸኑ።

ባህልም አለበት። ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከፀሐይ ነው። ሌላው ዓለም ቀኑን በጨለማ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል። እኛ ፀሐይ ወጥታ ስትሞቅ ነው አንድ ሰዓት የምንለው። ሰዎቹ ታዲያ ይህን አክብረው ነው የሚሠሩት። በሩ ላይ የሥራ መግቢያ 2፡30 ይላል፣ ፀሐይዋ የግቢው ግንብ ላይ የምትደርሰው 3 ሰዓት ገደማ ነው። በመሐል ያለችው ግማሽ ሰዓት የመጠባበቂያ ናት። ሻይ ይጠጣባታል።

ከሁሉም ግን ባለማኅተሙን ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድም። ሁሉም ቢሮ አንድ አለው። የእኔው ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ከላይ ፎጣ ደርቧል፣ ኮፍያ አድርጓል፣ ግንቡን ተደግፏል። ጊዜው ኅዳር ነው፣ በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለለት ብርድ ገና አልለቀቀም፣ አልፈርድበትም። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል። ጸሎት ላይ ነው ብዬ ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዤ በአክብሮት ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ አንኮራፋ።

ማኅተሙ ያለው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። መሳቢያ ውስጥ ቢተወው ማንም ተነስቶ መትቶ ሊሄድ ይችላላ! ስለዚህ ማኅተሙም አብሮ ይሞቃል። ቀለሙ ይደርቃል። አንድ ባለጉዳይ ቀንቶት ማኅተሙ ከኪስ ሲወጣለት ባለማኅተሙ አፉ ጋ አስጠግቶ "ሃ" ይልበታል፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይመታዋል፣ ግማሹ ክብ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም፣ ከዚያ ሌላ ቢሮ ስትሄድ "ይሄ ማኅተም አይነበብም" ብለው ወደዚያው ግንብ ይመልሱሃል።

ሰውየው አንድ ቦታ አይቆምም። ፀሐይዋን ይከተላል። 3 ሰዓት ላይ የመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ነው። 3፡20 ላይ ወደ ባንዲራው ዘንግ ይጠጋል። 3፡45 ላይ የጥበቃው ወንበር ጋ ይደርሳል፣ ጥበቃው ሳይጠየቅ ይነሳለታል። ሰልፉም አብሮት ይዞራል። ባለጉዳዩ ፋይሉን ታቅፎ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጥላው ሰውየው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቆ ይከተላል። የጥላው ነገር ቀልድ አይደለም። አንዱ ወጣት ሳያስበው ፊት ለፊት ቆሞበት "አትጋርደኝ" ተብሎ ወረቀቱ ወደ መጨረሻ ሄዷል። አንድ ጉዳዩ የቆየበት፣ ግቢውን እንደ ሰፈሩ የሚያውቅ አባት ደግሞ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው "የዘንጉ ጥላ እዚያ ቧንቧ ጋ ሲደርስ ይፈርማል፣ ከዚያ በፊት አትልፋ" አሉኝ። እኔ ስልኬን እያየሁ፣ እሳቸው ጥላውን እያዩ ጠበቅን። የእሳቸው ይሻላል።

የተደገፈው ግንብ ላይ የዜጎች ቻርተር፣ ቢሮው ለባለጉዳይ የገባው ቃል፣ ተለጥፏል። "አገልግሎቱ የሚፈጀው ጊዜ 15" ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን በጀርባው ሸፍኖታል። ደቂቃ ይሁን ቀን አላወቅኩም። ኢያሱ በገባዖን ላይ ፀሐይን ያቆማት ጦርነት ላይ ስለነበረ ነው። ይሄ ሰው ያን ሥልጣን ቢያገኝ ለሁለተኛው ቡና ያቆማት ነበር።

ደፍሮ የጠየቀው ሰው ነበር። "ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነን እኮ" አለው። ባለማኅተሙ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። "ቫይታሚን ዲ ነው የምወስደው" አለ።

ይሄኔ ነው ለሳይንስ ያለው ክብር የገባኝ። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረሩ ያረፈበት ቆዳ ነው። ኮት አያሳልፍም፣ ፎጣ አያሳልፍም፣ ኮፍያም አያሳልፍም። ስለዚህ እዚያ ግንብ ሥር የሰውየው አፍንጫ ብቻዋን ለመላ አካሉ እያመረተች ነበር ማለት ነው። በዚያ ቢሮ ሥራ ላይ የተገኘች እሷ ብቻ ናት። ውስጥ ያለችውም ልጅ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ በመስታወት በኩል ትሞቃለች፣ መስታወት ደግሞ ለቫይታሚኑ የሚያስፈልገውን ጨረር ይይዘዋል፣ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚለቀው። የጠዋት ብርሃን ለስሜትና ለሌሊት እንቅልፍ ጥሩ ነው የሚባለውም እውነት ነው፣ በዓይን ገብቶ ለአንጎል "ነግቷል" ብሎ ስለሚነግረው ነው። ባለማኅተሙ ግን ዓይኑን ጨፍኗል። አልተነገረውም።

ብርሃን ከፀሐይ ተነስቶ ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዞ ያ ግንብ ላይ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የእኔ ወረቀት ከግንቡ እስከ መዝገብ ቤት 20 እርምጃ አለው።

መንፈሳዊውም ጎን አልተረሳም። ከባለማኅተሙ ቀጥሎ "ፖዘቲቭ ኢነርጂ" የሚለው ልጅ ቆሟል። ፀሐይ ምንጫችን ናት፣ ሰው በጠዋት ቻርጅ መደረግ አለበት፣ ዩኒቨርስ የሰጠህን ትቀበላለህ ይላል። ዩኒቨርስ ለእኔ የሰጠኝ ቀጠሮ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሚልክያስ የጻፈውን የጽድቅ ፀሐይ እየጠቀሱ "ፈውስ በክንፎችዋ አለ" የሚሉ ሴትዮ አሉ። ጥቅሱ ልክ ነው። ነቢዩ ግን ስለ ሥራ ሰዓት መናገሩ አይመስለኝም። ታሪክ ካነሳን ደግሞ፣ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የተመቱት የአክሱም ሳንቲሞች አናታቸው ላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ነበረባቸው፣ ክቡን ፀሐይ ናት የሚሉ አሉ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሡ ያን አንስቶ መስቀል አደረገበት። እዚያ ቢሮ ደብዳቤው ገና አልደረሰም። መዝገብ ቤት ሳይሆን አይቀርም።

ሰልፉ ውስጥ አንዲት እናት ነበረች። ጨቅላ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማለች። የሲሚንቶ ኮሪደር በኅዳር ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ልጁን ልታሞቅ ወደ ፀሐይዋ ወጣ ስትል ጥበቃው "እዚህ የሠራተኛ ቦታ ነው፣ ባለጉዳይ ውስጥ ነው የሚጠብቀው" አላት። ምንም አልመለሰችም። ገባች።

የሠራተኛ ፀሐይ! 13 ወር ፀሐይ በሚወጣበት አገር ፀሐይ አጥቶ እግሩ የሚጣመም ልጅ አለ። ሪኬትስ ይባላል፣ ሐኪሞቻችን ሲያክሙት የኖሩት በሽታ ነው። ሕፃን ይጠቀለላል፣ ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ቤት ውስጥ ይደበቃል፣ አጥንቱ ይለሰልሳል። እናቱ ጤና ጣቢያ ስትሄድ "ፀሐይ አሙቂው" ትባላለች። መቼ ታሙቀው? ጠዋቷን በላችኋት! የቀን ሥራዋን ትታ፣ ታክሲ ከፍላ መጥታ፣ ለአንድ ማኅተም ስትቆም ያቺን ሙቀት እንኳ ከለከላችኋት። ለክፉም ለደጉም ፀሐዩን የሚያወጣው አምላክ ባለጉዳይን አልለየም። የለያችሁት እናንተ ናችሁ። ትንሽ አታፍሩም?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

አንድ ያልተወራላቸው ችሎታ አለ፣ እሱም ፀሐይዋ መቼ እንደምትከዳቸው ማወቃቸው። እስከ 5 ሰዓት መድኃኒት ናት። ከ5፡30 በኋላ ምች ትሆናለች። ጠዋቱን ሙሉ የተሰጣባት ሰው ድንገት "ኧረ ይመታኛል፣ ዳማከሴ ልፈልግ ነው?" ብሎ በጋዜጣ ግንባሩን ጋርዶ ወደ ምሳ ይሮጣል። ከምሳ ሲመለስ ራሱን አሞታል፣ የጠዋቷ ፀሐይ ናት ይላል። 9 ሰዓት ላይ ግንቡ በስተጀርባ በኩል ደህና ሙቀት ይጀምራል። ማንም ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ሲስተም የለም። ፀሐይ ስንት ዘመን ስትወጣ አንድ ቀን ሲስተም የለም ብላ አታውቅም፣ እነሱ ግን ይህን ጠባይዋን አልወረሱትም።

የእኔ ወረቀት ለማግስቱ ተቀጠረ። በማግስቱ ደመና ነበር። "ዛሬ ሙድ የለም" ተባልኩ።

ስዊድን ያለች ዘመዴ ይሄን ስነግራት አላመነችኝም። እዚያ በክረምት ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ይጨልማል፣ ሰው ይከፋዋል፣ እንቅልፉ ይዛባል። መላ ብለው ያመጡት 10,000 ሉክስ፣ ማለትም በጣም ደማቅ ብርሃን፣ የሚያወጣ መብራት ነው፣ ጠዋት ጠዋት 30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። የት መሰላችሁ የሚያስቀምጡት? ጠረጴዛው ላይ። እየሠሩበት! የሥልጣኔ ጉድለት ይሉታል ይሄ ነው።

ወጪ ሳናወጣ እንረዳቸው ብዬ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። ጠረጴዛቸውን፣ ኮምፒውተራቸውን፣ የቀዘቀዘ ሻያቸውን ጭምር ተሸክመን ግንቡ ሥር እናውጣላቸው፣ እየሞቁ ይፈርሙ፣ ሁላችንም እናተርፋለን። ጥላውን ሲቆጥሩ ለነበሩት አባት አማከርኳቸው። ሳቁብኝ።

"ያኔማ ጥላ ፍለጋ ቢሮ ይገባሉ" አሉኝ።