ሰባት ከአሥር

መልእክቱ የመጣው ዓርብ ማታ በቴሌግራም ነው። «ውድ ወላጆች፣ ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 የ1ኛ መንፈቅ ዓመት ካርድ ስለሚሰጥ በሰዓቱ እንድትገኙ። ያለ ወላጅ ካርድ አይሰጥም።» ከሥሩ ደግሞ ጠቆር ባለ ጽሑፍ «ክፍያ ያላጠናቀቃችሁ…» ይላል። ቀሪውን አላነበብኩትም። ስለሚመለከተኝ ነው ያላነበብኩት።

ወዲያው ቤት ውስጥ ድርድር ተጀመረ። ማን ይሂድ? በእኛ ቤት ሕጉ ግልጽ ነው። ውጤቱ ጥሩ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ሁለታችንም ጊዜ አለን። ነገር ከሸተተን ግን እኔ ስብሰባ አለብኝ፣ ባለቤቴ ለቅሶ አለባት። በዚህ ሴሚስተር ቀደመችኝ። «ነገ ለቅሶ እደርሳለሁ» አለች። የማን እንደሆነ ስጠይቃት «አታውቃቸውም» አለችኝ። በለቅሶ ማን ይከራከራል?

ቅዳሜ ጠዋት ኮት ለበስኩ። ቢሮ በሹራብ የምሄድ ሰውዬ ለካርድ ኮት ለበስኩ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ብቻዬን እንዳልሆንኩ አየሁ። አባቶች በሙሉ ለሽምግልና የተላኩ ይመስላሉ። እናቶች ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። በሌላው ቀን «ወዴት ነው?» እያለ የሚያፋጥጠን ዘበኛ እንኳ «ይግቡ ጌታዬ» አለኝ። አዘነልኝ መሰለኝ።

በእኛ ጊዜ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመጣው ሊያስመዘግብ ወይም «ወላጅ ይዘህ ና» ሲባል ብቻ ነበር። አባቴ ሲያስመዘግበኝ ለመምህሩ ያለው ነገር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ።» በተቀረው አካሌ ላይ መምህሩ ሙሉ ሥልጣን ነበራቸው፤ ተጠቅመውበታልም። ካርድ የሚሰጠን ለራሳችን ነው፤ ሰኔ 30 ቀን፣ ሰንደቅ ዓላማው ፊት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው ተጠርቶ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ። ሌሎቻችን እናጨበጭባለን። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመው ቂም ከግቢ ውጭ ይወራረዳል። የሰኔ 30ን ድብድብ የማያውቅ ሰው ተምሬያለሁ አይበል።

ከድብድቡ የተረፈ ደግሞ ካርዱን ይዞ ቤት መግባት አለበት። ከ50 በታች የሆነ ማርክ በቀይ ነው የሚጻፈው። ቀይዋን ለማጥፋት ያልተሞከረ ነገር የለም። አንድ የሰፈራችን ልጅ የሒሳብ 31ን 81 አደረገው። እጁ የተባረከ ነበር፤ ቀለሙን ሳይቀር አዛምዶታል። ድምሩን ማስተካከል ግን ረሳ። አባቱ ባለሱቅ ነበሩ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ደመሩት፤ ደግመው ደመሩት። «በቃ ሒሳብ የወደቀው እውነቱን ነው» አሉ።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። 4ኛ ክፍል፣ 48 ተማሪ፣ አንዲት የክፍል ኃላፊ መምህርት። ወረፋ ስጠብቅ ሒሳቡን ሠራሁት። አራት ሰዓት ማለት 240 ደቂቃ ነው። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይደርሰዋል። ከአምስቱ ሁለቱ በ«እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያልቃል። አንዱ ፊርማ ላይ። የቀረው ሁለት ደቂቃ የልጄ ግማሽ ዓመት ነው።

የተቀመጥነው የልጆቹ ወንበር ላይ ነው። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኘ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ስልኩ ላይ ዜና ያነባል፤ ገጹን ግን አያንቀሳቅሰውም። ካርዷን ተቀብላ የምትወጣን እናት ሁላችንም በዓይናችን እንሸኛለን። ጥያቄው አንድ ነው።

«ስንተኛ ወጣ?»

«ስድስተኛ።»

«ከስንት?»

ይቺ «ከስንት?» የምትባል ነገር የወላጅ መርፌ ናት። ከ48 ስድስተኛ ከሆነ «ጎሽ» ይባላል። ከ12 ስድስተኛ ከሆነ «አይዞት፣ ገና ልጅ ነው» ይባላል። ልጁ ምን እንደተማረ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ደግሞ የዘንድሮው ደረጃ ግራ ያጋባል። የኔዋ ሚጣ አማካይ ውጤቷ 94.2 ነው። ደረጃዋ 11ኛ። በእኛ ጊዜ 94 ያመጣ ልጅ ሰፈር ውስጥ በጣት ይጠቆምበት ነበር፤ ጎረቤት ልጁን «የሱን ሽንት ጠጣ» ይለው ነበር። አሁን ዘጠና በታች ያመጣ ልጅ ወላጅ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። እኔ በዚህ አልቀናም፤ ልጆች ጎበዝ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 ከፍ ሲል ተመስገን አልን። እና ያ ሁሉ 94፣ ያ ሁሉ 98 መንገድ ላይ የት ወረደ? ታክሲ ውስጥ ረስተነው ይሆን?

ስለ ራሴ ደረጃም ልናገር፤ ካልተናገርኩ እናቴ ትናገራለች። ሚጣ 1ኛ ክፍል ስትገባ «እኔ በልጅነቴ ሁለተኛ ነበር የምወጣው» ብያት ነበር። አንደኛ ያላልኩት እንዲታመን ብዬ ነው። ሌሎቹ አባቶች በሙሉ አንደኛ ስለነበሩ ሁለተኛው ቦታ ባዶ መሰለኝ። ለገና እናቴ ጋ ስንሄድ እናቴ የድሮ ሳጥኗን ከፈተች። ከክርስትና ልብሴ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የ4ኛ ክፍል ካርድ ወጣ። ደረጃ፦ ከ67 ተማሪዎች 38ኛ። ጠባይ፦ ሲ። ሚጣ ካርዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «አባዬ፣ ሁለተኛው የት አለ?» አለችኝ። እናቴ ቡናዋን ፉት እያለች «ሁለተኛው? ሁለተኛ ዓመቱ ነዋ! ደግሞ እኮ ነው» አለች።

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ከፊቴ የሚኒባስ ሹፌር አለ። የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ነው የመጣው፤ መኪናውን ውጭ ለረዳቱ ትቶታል። ሰላምታውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ካርዱን ተቀበለ፤ ግን አላየውም። አጥፎ ያዘና «ሚስ፣ ሰሌዳው ይታየዋል እንዴ?» አለ።

መምህሯ «እንዴት?» አለች።

«ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያየው። ደብተሩን ሳይ ከመጽሐፍ የገለበጠው ልክ ነው። ከሰሌዳ የገለበጠው ግን ሌላ ነው። ስምንቷን ሦስት ያደርጋታል። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ዓይኔን ስመረመር ነው ትዝ ያለኝ።»

መምህሯ ዝም አለች። ከዚያ «ሁሌ ወደ ፊት እየተነሳ ሲመጣ ረባሽ ነው ብዬ ነበር» አለች። ተነሱ፤ አብረው ልጁ የሚቀመጥበት ቦታ ድረስ ሄዱ። ስድስተኛው ረድፍ፣ መስኮት ጋ። ከዚያ ቆመው ሰሌዳውን አዩት። እሷ ከሰኞ ጀምሮ ፊት እንደምታስቀምጠው ነገረችው፤ እሱ የዓይን ሐኪም ጋ እንደሚወስደው ነገራት። ከኋላዬ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ሥራ አለን!» እኔም በልቤ አጉረመረምኩ። ሰውዬው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ወስዶብናል። ስንተኛ እንደወጣ እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ።

ተራዬ ደረሰ። ኮቴን አስተካከልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የመጣሁት ለካርዱ አይደለም። ለጎጆው ነው።

በኅዳር ወር የአካባቢ ሳይንስ አሳይመንት ታዘዘ። የባህላዊ ጎጆ ቤት ሞዴል፣ ከ10 የሚታረም። ሚጣ የነገረችን እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ለሰኞ ነው የሚፈለገው። እሷ ነግራን ተኛች። እኔ ግን ካርቶን ፍለጋ ባለሱቁን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩ። ለጣሪያው ባለቤቴ ለመሶብ ያስቀመጠችውን ስንደዶ ሰጠችኝ፤ ሰጠችኝ ስል አልከለከለችኝም ማለቴ ነው፤ ተኝታ ነበር። ግድግዳውን በቡና አተላ ቀባሁት፤ የምርጥ ጭቃ መልክ አለው፣ ሞክሩት። ጫፉ ላይ የሚደፋ ገል ሲቸግረኝ ሲኒ ደፋሁበት። ረከቦታችን ላይ ዛሬ አምስት ሲኒ ነው ያለው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጨርሼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ደግሜ አብርቼ አየሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሕይወቴን ሙሉ በእጄ የሠራሁት ብቸኛ ቤት ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ እስካሁን አልደረሰኝም።

ሰባት ከአሥር ተሰጠኝ። ማለቴ፣ ተሰጣት።

ሦስት ወር ያቺን ሦስት ማርክ ተሸክሜ ዞርኩ። አሁን መምህሯ ፊት ተቀምጫለሁ። ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? «የኔን ጎጆ ለምን?» ማለት አልችልም።

«ሚስ፣ ያ የልጅቷ ጎጆ…» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ውይ፣ በጣም ቆንጆ ነበር!»

ልቤ ሞቀ። «እና ያቺ ሦስት ማርክ… እንዲያው ልጅቷ ቅር ብሏት ነው።»

«አይ ጋሼ፣ ለሥራው ሰባት ከሰባት ሰጥቻለሁ። ሦስቱ ለማብራሪያ ነበር። ክፍል ፊት አቁሜ ‹ጎጆ ቤት በምንድን ነው የሚቆመው?› ብዬ ስጠይቃት…»

«ምን አለች?»

«‹በኮላ› አለችኝ።»

ከኋላዬ የተቀመጠው ባለዜናው ሰውዬ ሳቀ። ለካ ሲሰማ ነበር የቆየው። መምህሯ ግን አልሳቀችም፤ ለመሳቅም ጊዜ የላት። «ምሰሶም አልነበረውም እኮ» ብላ ጨመረች። አያቴ ጎጆ ቤት ተወልደው ጎጆ ቤት የሞቱ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ምሰሶ ረሳ። ፈረምኩ። የፈረምኩበት መስመር ላይ «የወላጅ አስተያየት» ይላል። ከእኔ በላይ የፈረሙት በሙሉ «ጥሩ ነው፣ ይበርቱ» ብለዋል። እኔም «ጥሩ ነው፣ ይበርቱ» አልኩ።

ልወጣ ስል መምህሯ «ብቻ ወሬ ትንሽ ታበዛለች» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሃሳቤ ምሰሶው ላይ ነበር።

ውጭ ርዕሰ መምህሩ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ እንዳያመልጠን ድምፅ ማጉያ ይዘው ይለምናሉ። አዳራሹን አጮልቄ አየሁት። ዐሥራ አራት ሰው። አጀንዳው የንባብ ችሎታ ነው። ባለፈው ሰኔ «የክፍያ ማስተካከያ» ተብሎ ሲጠራ ግን ወንበር ጠፍቶ መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ አባቶች ነበሩ። እኔ ራሴ ተንጠልጥዬ ነው ንግግር ያደረግሁት። ስለ ትምህርት ጥራት ነበር የተናገርኩት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከለቅሶ ተመልሳለች። ፊቷ ላይ የለቅሶ ምልክት የለም፤ ጥፍሯ ላይ አዲስ ቀለም አለ። ዝም አልኩ። እሷም ስለ ስንደዶው እስካሁን ዝም ብላኛለች።

ሚጣ ሮጣ መጣች። «ሚስ ስለ እኔ ምን አለች?»

«ጎበዝ ናት አለች።»

«ሌላስ?»

«ወሬ ታበዛለች አለች።»

«ከማን ጋር አለችህ?»

አልጠየቅሁም። ግማሽ ሰሌዳ የሚያህል ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ፤ አፋን ኦሮሞ 96፣ ግብረ ገብ 98፣ ሒሳብ 89። ልጄ አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ ግን አላውቅም። ባለቤቴም አታውቅም። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት።

ተቀምጣ ነገረችን። ከመስኮቱ ጋ ካለው ልጅ ጋር ነው። ከሰሌዳ የተጻፈውን እያነበበች ትነግረዋለች፤ እሱ አይታየውማ። እና ሚስ ወሬ ነው ብላ ትቆጣታለች። ይሄን እንደ ቀላል ነገር ተናግራ ቦርሳዋን ከፈተች። የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። የ2ኛው መንፈቅ ዓመት የመጀመሪያ አሳይመንት። የግድብ ሞዴል፣ ከ10 የሚታረም፣ ለሰኞ።

ኮቴን ሳላወልቅ ተነሳሁ። ግድብ! ካርቶን አይሆንም፣ ውሃ ያበላሸዋል። ጀሶ ይሻል ይሆን? የጀሶ ቤቱ ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው? በሩን ስከፍት ሚጣ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«አባዬ፣ አንተ ተወው። ይሄን እማዬ ትሥራልኝ።»

«ለምን?»

«አንተ ሰባት ነው ያመጣኸው።»