ማስተካከያ፦ በብረት ተሸካሚዎች ዲጂታል መዝገብ ላይ

የሕንፃ ዕቃዎችን መረጃ በዲጂታል ስለመያዝ ባወጣነው ማብራሪያ፣ በዕቃው የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫ ላይ ያለው የ«ሞጁል ዲ» ቁጥር ከጠቅላላው የካርቦን ልቀት ላይ ይቀነሳል ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። እነዚህ መግለጫዎች በሚዘጋጁበት በአውሮፓው ኢኤን 15804+ኤ2 ደረጃ መሠረት ሞጁል ዲ የሚያሳየው ዕቃው ሕንፃው ከፈረሰ በኋላ ዳግም ሲያገለግል ወይም ሲቀለጥ የሚገኘውን ጥቅም ነው። ስለዚህ ለብቻው ይመዘገባል። ከ«ኤ» እስከ «ሲ» ካለው ድምር፣ ማለትም ዕቃው ከሚመረትበት ጀምሮ እስከሚወገድበት ካለው ልቀት ላይ ከተቀነሰ፣ ገና ያልተገኘ ጥቅም ዛሬ ተቆጠረ ማለት ነው።

የስሌት ምሳሌውም ይታረም። አይፒኢ 200 የሚባለው ባለ 200 ሚሊ ሜትር ቁመት የብረት ተሸካሚ በሜትር 22.4 ኪሎ ስለሚመዝን 6 ሜትሩ 134.4 ኪሎ ይሆናል። የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫው ለ1 ቶን የተሰላ ከሆነ የሚባዛው በ0.1344 እንጂ በ6 አይደለም።

የዘለልነው ነገርም አለ፤ እንዲያውም ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የምርቱ ኮድ የዕቃውን ዓይነት ይናገራል እንጂ አንዱን ብረት ከሌላው አይለይም። የቅልጡ ቁጥር፣ ማለትም ብረቱ በአንድ ጊዜ ለቀለጠበት ዙር የሚሰጠው መለያ፣ የዚያን ብረት የፍተሻ ውጤት ከሚያሳየው ከፋብሪካው የ3.1 ምርመራ ሰርተፊኬት ጋር ተያይዞ፣ ተሸካሚው ከተተከለበት ቦታ ጋር ይመዝገብ። ይህ ከሌለ ሕንፃው ሲፈታ የብረቱን ጥንካሬ ለማወቅ ናሙና ቆርጦ መፈተን ግድ ይሆናል፤ ወጪው ሲበዛም ደህናው ብረት ወደ ማቅለጫ ይሄዳል።